ሦስት ዲግሪ ወደ ግራ

«ቀና ይበሉ» አለ ፎቶ አንሺው።

«ቀና ብያለሁ።»

ፎቶ አንሺው አንገቱን ከካሜራው ጀርባ አወጣና በሁለት ጣቱ አየሩን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገላት። እሷም ለወጉ ያህል ጭንቅላቷን ነቅነቅ አደረገች። ወዲያው የተቀመጠችበት በርጩማ ከሥሯ የከዳት መሰላት፤ ጉልበቷን ጨበጠችና ወደ ነበረችበት ተመለሰች።

«ይኸው፣ ደግሞ ተመለሰ» አለ ሰውየው ትዕግሥቱ እየተሟጠጠ። «ለመታወቂያ ነው አላሉኝም? ዘንበል ያለ ፎቶ ይዘው ቢሄዱ አይቀበሉዎትም እኮ።»

«የተጣመመው ካሜራህ ይሆናል። እንዳለሁ አንሳኝና ልሂድበት፤ ሥራ አለብኝ።»

እንዳለች አነሳት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አራት ጉርድ ፎቶ በትንሽ ፖስታ አድርጎ ሲሰጣት ከፍታ እንኳ አላየችውም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ስትወጣ የግራ ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ።

«ይሄም በር ተብሎ!» አለች ትከሻዋን እያሻሸች።

ብትቆጣ አይፈረድባትም። በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኗ «ተጣመሻል» ያላት ሰው የለም። የአውሮፕላን መሣሪያዎች በሚጠገኑበት ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት አንድም ሰው አይገኝም፤ ሁሉም «ውሃ ልክ» ነው የሚሏት። ግንበኛ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አረፋዋ መሀል መቆሟን የሚያይባት ያቺ መሣሪያ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር። እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው፤ የሚጠግኑት ሌሎች ናቸው፣ «ይህ ደህና ነው፣ ይህ ወድቋል» ብላ ማህተም የምታሳርፈው እሷ ናትና።

ከፎቶ ቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቷ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አልጋ ላይ ከጣላት ከዚያ ከባድ ጉንፋን ወዲህ፣ አራት ወር ይሆነዋል፣ መንገዱ ለስላሳ ሆኖባታል። ገና ከጀልባ እንደወረደ ሰው፣ መሬቱ ከእግሯ ሥር ቀስ ብሎ ይነሣና ቀስ ብሎ ይወርዳል። የመብራት ምሰሶዎቹ እየተንሳፈፉ ያልፏታል፤ ከወዲያ ማዶ የሚሄዱት ሰዎች በውሃ ውስጥ የሚሄዱ ይመስላሉ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ነገሩ ደስ የሚልም ነበረው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ቅልል ማለት ተሰምቷት አያውቅም። የግራ ትከሻዋ በልዞ ሲያድር አናጺዎችን ረገመች። ጫማ ሰፊው «የግራው ተረከዝ ብቻውን እኮ ነው የሚያልቀው» ሲላት ደግሞ ጫማ ሰፊ ቀየረች።

ዛሬ ግን ሐሳቧ ከመንገዱ ላይ አልነበረም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ዋርሳዋ ከሥራው ይነሣል ወይም ይቀራል፤ የሚወስነውም በእሷ አንድ ንባብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእሷ ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈው መሣሪያ ጃይሮስኮፕ ይባላል፤ እነሱ ጃይሮ ይሉታል። ቡጢ የምታህል ሳጥን ናት። ውስጧ አንድ ከባድ የናስ መዘውር በሁለት ቀለበቶች ተንጠልጥሎ በደቂቃ አሥር ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል። ያን ያህል የሚዞር ነገር ግትር ነው። አንዴ አቅጣጫ ከያዘ ሳጥኑን ቢያዞሩት፣ አውሮፕላኑ ቢታጠፍ፣ እሱ የያዘውን አይለቅም። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ የገዛ አካሉ ይዋሸዋል፤ ወደ ጎን ተንጋዶ እየበረረ «ቀጥ ብያለሁ» ይለዋል። የሚያድነው ይህን ግትር ነገር ማመኑ ነው።

ግትሩም ግን አንድ ጠባይ አለው። ሲገፉት ወደ ተገፋበት አይሄድም፤ ሩብ ዙር ተሻግሮ ወደ ጎን ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች ቢጫኑት አይወርድም፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይዞራል። ቀለበቱን የተሸከመችው ኩሽኔታ የምስር ፍሬ ብታህል ነው። እዚያች ውስጥ ዓይን የማያያት ብናኝ ብትገባ መዘውሩን ትጫነዋለች፤ እሱም እያዘገመ ወደ ጎን ይሸሻል። በሩብ ሰዓት ውስጥ እስከ አራት ዲግሪ ቢሸሽ ይታለፋል። ካለፈ ቀይ ወረቀት ይታሰርበትና ይመለሳል።

ኩሽኔታዎቹን የሚያጥበው ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥፍሩን ከሥሩ ቆርጦ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በወረንጦ እያነሣ ቤንዚን ውስጥ እየነከረ ብናኝ ሲያሳድድ ኖሯል። ሚስት አላገባም፤ «የኔን ጽዳት የምትችል ሴት አልተፈጠረችም» እያለ ያሾፋል። እሁድ እሁድ ምሳ የሚበላው እሷ ቤት ነበር።

ነበር። ባለፈው ወር አራት ጃይሮዎች ተከታትለው ወደቁባት። አራቱም በሩብ ሰዓት አምስት ዲግሪ ሸሹ፤ አራቱም ወደ ግራ። ስብሰባ ላይ ስትጠየቅ ቆመች፣ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም። «አራቱ በአራት መንገድ ቢሳሳቱ የአጋጣሚ ነገር ነው እላለሁ» አለች። «አራቱም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ ግን የአንድ ሰው እጅ አለበት።» የማን እጅ እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም። ለዘመዷ አላደላችም ተብሎ ተወራላት፤ ያን ማታ ቤቷ ገብታ ምግብ አልወረደላትም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። የክፍሉ አለቃ አምስተኛውን እንጠብቅ አለ። አምስተኛውም ከወደቀ ሰውየው ወደ ዕቃ መጋዘን ይዛወራል፤ ከአቧራው መሀል ሣጥን ይቆጥራል።

በስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ዋርሳዋ አምስተኛውን ይዞ መጣ። በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ፣ እንደተኛ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎታል። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ እትዬ።»

«ደግ አደረግህ።»

ቆመ። ወደ በሩ ዞር አለና ተመለሰ። «ትከሻዎትን ያምዎታል እንዴ?» አለ መጨረሻ ላይ።

«ምን ያመኛል! በሩ ነው።» ቀይዋን ጨርቅ ከመስቀያው አንሥታ እጇ ላይ ጠቀለለቻት። «አሁን ልጀምር ነው።»

ጨርቋን ሲያይ አፉን ዘጋ። የዚህ ቤት ደንብ ነው፤ ቀይ ጨርቅ በተሰቀለበት በር አይገባም፣ አይንኳኳም፣ በአጠገቡ በለበድ ጫማ ካልሆነ አይታለፍም። ሠላሳ ሰው የሚሠራበት ፎቅ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ጸጥ ይላል። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ። እሷ ጨርቋን በውጭ በኩል እጀታው ላይ ሰቅላ በሩን ዘጋች።

ጃይሮውን በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ከቆመው የብረት መያዣ ጋር አሰረችው፣ የአየር ቱቦውንም ሰካችለት። መዘውሩ መጀመሪያ እንደሚያጉረመርም ሰው ሆነ፤ ከዚያ እንደ ንብ፤ ከዚያ ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ ዝምታውን የሚያጠብቅ እንጂ የሚሰብር አልሆነም። ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጠበቀች። ቆማ ጎንበስ አለችና ግንባሯን ከብረቱ ጋር አስደገፈች። በመስታወቱ ላይ የተጫረች ቀጭን መስመር አለች፤ ከመስታወቱ ኋላ ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት ክብ ሰሌዳ። ዜሮን ከመስመሯ ጋር ገጠመችና የሰዓቱን ቁልፍ ተጫነች። ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

ይህን ሩብ ሰዓት ትወደዋለች። ሰው ሁሉ ቢያልቅ፣ ከተማው ቢፈርስ፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ከእሷ የሚጠበቅ ነገር ዝም ማለት ብቻ ነው። ዛሬ በአራት ወሩ ልስላሴ ላይ ተደምሮ ክፍሉ ቀስ ብሎ ከመሬት የተነሣ መሰላት። መዘውሩ በያዘው አቅጣጫ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ የሚታየው መሸሽ ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ጥቂቱ የመሬት ዙረት ነው። ባሏ ይህን ሲነግራት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። «እሱ ቆሟል» ብሏታል ወደ መዘውሩ እያመለከተ፣ «የምንዞረው እኛ ነን። ጠረጴዛውም፣ አንቺም፣ እኔም፣ መንገዱም።» ያን ጊዜ ጠረጴዛውን ሁለት እጇን ዘርግታ ያዘችው፤ እሱ ሳቀባት፤ አፈረች።

ያን ዕለት ያሳያትም ሌላ ነገር ነበር። አንድ የተጣለ መዘውር አሽከርክሮ የዘንጉን አንድ ጫፍ በክር አንጠለጠለላት። ይወድቃል ብላ እጇን ከሥሩ አዘጋጀች። አልወደቀም፤ በአየር ላይ ተኝቶ በክሩ ዙሪያ ሽርሽር ይሄድ ጀመር። «በይ ተጫኚው» አላት። በጣቷ ወደ ታች ጫነችው፤ ወደ ታች መውረዱን ትቶ በፍጥነት ወደ ጎን ሄደባት። «እንዲህ ያለ ግትር ሳይ ይህ ሁለተኛዬ ነው» አለ። «የመጀመሪያው ማነው?» ብላ ጠየቀች፣ ሞኟ። አሁን በርጩማዋ ላይ ሆና ፈገግ አለች። ድምፁ፣ ዘይት ዘይት የሚል ጋዋኑ፣ ሁሉም በመዘውሩ ቀጭን ዜማ ላይ ተሳፍረው መጥተው ነበር። ጭንቅላቷ በትዝታው ክብደት ቀስ፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሄደ። አላወቀችውም።

ሰዓቱ ጮኸ።

ባሏ ካስተማራት አንዱን ትታለች። «ዓይን ቦታውን ሲቀይር ቁጥሩም ይቀየራል» ይል ነበር፤ «ስትጀምሪም ስትጨርሺም ግንባርሽ ከብረቱ ጋር ይሁን።» ስትጀምር ታደርገዋለች። ስትጨርስ ግን፣ ከሩብ ሰዓት ዝምታ በኋላ ተነሥታ ጎንበስ ስትል፣ ወለሉ ከሥሯ ይከዳታል፤ እንዲያ ሲሆንባት ከተቀመጠችበት ማንበብ ጀመረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበበ ዓይን ብረት ምን ያደርግለታል ብላ። አሁንም ከተቀመጠችበት አነበበች።

አምስት። ወደ ግራ።

እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ይህኛው ደህና እንዲሆን ምን ያህል ትመኝ እንደነበር ለራሷም አልነገረችም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት! እሁድ ምሳ! ግን ቁጥር ቁጥር ነው። ቀዩን ወረቀት ሳበችና እስክሪብቶ ፍለጋ እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። የወጣው እስክሪብቶ ሳይሆን ፖስታው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ለሰው ኃይል ክፍል ልትሰጥ ኪሷ ከታው ነበር፤ ቢሮው ተዘግቶ ስላገኘችው እዚያው ቀርቷል። አፉ ተከፍቶ ፎቶዎቹ ቀዩ ወረቀት ላይ ተዘረገፉ።

አራት ናቸው። አራቱም ላይ ያቺው አንድ ሴት ፊቷን ኮስተር አድርጋ ትመለከታለች። አራቱም ላይ ጭንቅላቷ ወደ ግራ ተንጋዷል።

ትንሽ ዘንበል ብላ ቢሆን ኖሮ በፎቶ አንሺው ታሳብብ ነበር። ይህ ግን ከግድግዳ ሊወድቅ የተቃረበ ሥዕል ነበር። እንዲህ ሆና ነው በመንገድ የምትሄደው? እንዲህ ሆና ነው ስብሰባ ላይ ቆማ ያን የተናገረችው? አንዱን ፎቶ አንሥታ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው። «አራቱም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ» የሚለው የገዛ ድምፅዋ ክፍሉ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማት።

ተነሣች። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለችና ግንባሯን ከብረቱ ጋር ገጠመችው። ክፍሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ተደፋ። ልትወድቅ ነው፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ «ወደቅሽ» እያለ ይጮኻል። ጥርሷን ነክሳ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ከፈተች።

ሁለት።

ተቀመጠች፤ አምስት። ግንባሯን ገጠመች፤ ሁለት። ሦስተኛ ጊዜ መሞከር አላስፈለጋትም። ኩሽኔታዋ ንጹሕ ናት። አምስቱም ንጹሕ ነበሩ። በሩብ ሰዓቱ ሲሸሽ የኖረው ጭንቅላቷ ነው።

ለዘጠኝ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። ማህተሟ በሰንሰለት ከጋዋኗ ጋር ታስራ ተንጠልጥላለች፤ ቁጥር ሰባት፣ የእንጨት እጀታዋ የእጇን ቅርጽ ይዟል። ጥርሷን የነቀለችበት ሙያ ነው፤ ከእሱ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። እንዲህ ብላ አሰበች፦ ይህን አምስተኛውን አሳልፈዋለሁ። «ታርሟል፣ እጁን አስተካክሏል» እላለሁ። እሱም ከቦታው አይነሣ፣ እኔም ከቦታዬ። ከነገ ጀምሮ ግንባሬን አስደግፋለሁ፤ ወለሉ ቢከዳኝም እችለዋለሁ። ማን ያውቃል? ማንም። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም አረጋጋት። ማህተሟን በእጇ ያዘቻት።

ከበሩ ሥር ኮሽ አለ። አንድ የታጠፈ ወረቀት ወለሉ ላይ ተንሸራቶ ገባ።

ቀይ ጨርቅ እያለ ማንኳኳት ስለማይቻል ነው። አነሣችው። የዋርሳዋ ጽሕፈት ናት፤ ከኩሽኔታ ጋር የኖረ ሰው የሚጽፋት ደቃቅ ጽሕፈት። ለአለቃው የተጻፈ ማመልከቻ ነው፦ እጄ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሥራዬን በሚገባ ማከናወን አልቻልኩም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ወደ መጋዘን እንድዛወር በራሴ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ከታች በእርሳስ አንዲት መስመር ለእሷ ተጨምራለች፦ «እትዬ፣ እርስዎ እንዳይጨነቁ። የወጣውን ቁጥር ይጻፉ።»

እጁ መንቀጥቀጥ! የዚህ ሰው እጅ ወረንጦ ይዞ ንቅንቅ ሲል ያየ የለም። አንጀቷን በላው። በሩን ከፈተችና በጋዋኑ እጅጌ ጎትታ አስገባችው፤ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቋ ተሰቅላ ሳለ ሰው አስገባች።

«ይሄ ምንድነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ምን... ያው እንግዲህ።»

«እጅህ መቼ ነው የተንቀጠቀጠው?»

ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰደደ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ፎቶዎች አየ፤ እሷን አየ፤ ትከሻው ወረደ። ምንም አልገረመውም።

«ታውቅ ነበር» አለች።

«ከጉንፋኑ በኋላ ነው። መጀመሪያ አንገትዎን ያመመዎት መስሎኝ ነበር። ኋላ... ከተቀመጡበት ሲያነቡ አየሁዎት። በበሩ መስታወት በኩል።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ዛሬ ሦስተኛዬ ነው።» በሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ጨርቅ በአገጩ አመለከተ። «ጨርቋን ያነሡብኛል።»

ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ፈለገች፤ ቢኖር ይቀላት ነበር። አልነበረም።

«ደግሞስ ምን ብዬ ልንገርዎት?» አለ ቀጥሎ። «ወንድሜ ሲሞት የቀረዎት ይህ ጠረጴዛ ነው። እኔ የትም ሣጥን ብቆጥር እኖራለሁ። እርስዎ ግን ያለዚች ማህተም...»

የሚገፋት ሰው ቢመጣ ምን እንደምታደርግ ታውቅ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትገፋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ይህ ሰው ግን አልገፋትም። የማታውቀው ኃይል ከማታውቀው በኩል መጥቶ ወዳላሰበችበት ያዞራት ጀመር። ከመተላለፊያው ማዶ የለበድ ጫማ እየተጎተተ ሲመጣ ተሰማት፤ አለቃው ነው፤ በሰዓቱ።

«እጅህን ታጥበሃል?» አለች።

«ምን ጥያቄ ነው፣ እትዬ?» አለ፣ ፈገግታም ሞከረው።

«ና እንግዲያው። ቀና አድርገኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቀረበና በሁለት መዳፉ ጉንጮቿን ያዘ። እጆቹ ቤንዚን ቤንዚን ይላሉ፣ ቀዝቃዛ ናቸው። ኩሽኔታ እንደሚያነሣ በጥንቃቄ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አመጣው። ክፍሉ ተደፋ፤ ክንዱን ጨበጠችው።

«ወደቅሁ!»

«አልወደቁም። ይዤዎታለሁ።»

«ቀጥ ብያለሁ አሁን?»

«ቀጥ ብለዋል።»

ይኼ ነው ቀጥ ማለት? በአንድ እጇ የእሱን ክንድ እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች፣ ከፈተችው፣ ቀይዋን ጨርቅ ከእጀታው ላይ አወረደቻት። አለቃው ሰዓቱን እየተመለከተ እዚያው ቆሟል፤ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጨዋ፣ ችኩል ሰው። በእሷ ዓይን ከነመተላለፊያው ወደ ጎን ተንጋዶ ነበር።

«እሺ እናቴ፣ ውጤቱስ?» አለ።

«ከእኔ አይስሙ። ይግቡና ግንባርዎን እዚህ ብረት ላይ አስደግፈው ያንብቡ።»

አለቃው ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን አስደገፈ። «ሦስት» አለ።

«ሩብ ሰዓቱ ካለቀ አሥር ደቂቃ ሆኖታል፣ ትንሽ ጨምሯል። አሁን በእኔ በርጩማ ላይ ይቀመጡ።» አንዱን ጉርድ ፎቶ ከጠረጴዛው አንሥታ በእጁ አስያዘችው። «ጭንቅላትዎን እንደዚህች ሴትዮ ያድርጉ።»

«አልገባኝም።»

«እንደ ፎቶው።»

ሰውየው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘነበለ። እንዲያ ሆኖ ሲታይ ሊያስቅ በተገባ፤ ማንም አልሳቀም። ዓይኑን ወደ መስታወቱ መለሰ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«ስድስት» አለ መጨረሻ ላይ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ጭንቅላቱን እንዳዘነበለ ቀረ።

«ወድቀዋል ብዬ የመለስኳቸውን፣ ግምጃ ቤት ያሉትን አራቱንም እንዲሁ አድርገው ያንብቧቸው» አለች። የማህተሟን ሰንሰለት ከጋዋኗ ቁልፍ ላይ ፈታች። ማህተሟን ከቀሩት ሦስት ፎቶዎች አጠገብ አስቀመጠቻት። የዋርሳዋን ማመልከቻ ለአራት ቀደደችና ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። አለቃው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ፈተናው ገና አላለቀም።

የአየሩን ቧንቧ ዘጋች። ከዚህ በኋላ መዘውሩ በራሱ ኃይል ይዞራል፤ ቢያንስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሳይቆም መቆየት አለበት፤ ሲደክም ኩሽኔታው ኮሽ የሚል እንደሆነ ይደመጣል። ለዚህ አንዲት ቀጭን የእንጨት ዘንግ አለች፤ አንዱ ጫፍ ሳጥኑ ላይ ያርፋል፣ ሌላው በጥርስ ይያዛል፤ ድምፁ በአጥንት ይመጣል። ከባሏ እጅ ወደ እሷ እጅ ያለፈች ዘንግ ናት፤ በጫፏ ላይ የሁለቱም የጥርስ ምልክት አለ። አነሣቻት፣ በጋዋኗ ጠረገቻትና ወደ ዋርሳዋ ዘረጋችለት።

«እኔ?» አለ በዓይኑ።

«አንተ ስማው።»

ዘንጓን ነከሰ፣ ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ለሃያ ሁለት ዓመት ያጠባቸውን እስከዛሬ ሰምቷቸው አያውቅም። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየችው፤ የሚሰማውን እያንዳንዱን ነገር ታውቀዋለች። አንድ ነገር ግን ረስታ ነበር፤ እሱ ጎንበስ ሲል ክንዱ ከእጇ ወጥቷል። የሚይዛት ሰው የለም። ክፍሉ ወደ ቀኝ እየፈሰሰ ነበር፤ ጠረጴዛው፣ አለቃው፣ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው መንገድ። እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋችና ሳትነካው መልሳ ሰበሰበችው። መዘውሩ ገና ይዞራል፤ አልተኛም። እሷም ቆማ ነበር፤ እየወደቀች እየመሰላት፣ ቀጥ ብላ።